ሃያ ሁለት ደቂቃ

ተቆጣጣሪው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲመረምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሥራውን ከተወ አራት ዓመት ቢሞላውም ጎረቤቱ ሁሉ እስከ ዛሬ «ጋሼ ተቆጣጣሪ» ይለዋል፤ እሱም እንዲያ ሲሉት አንገቱን ቀና ያደርጋል። ዓይኑ ደግሞ አብሮት ጡረታ አልወጣም። ደረጃ ላይ ሰው ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው። ትኬት ያልቆረጠ ሰው እጁን የሚያደርግበት ያጣል ይላል፤ ወይ ኪሱ ይከተዋል፣ ወይ ጆሮውን ያክበታል፣ ወይ አጎንብሶ የማያልቅ የጫማ ክር ያስራል።

በዚያ ሁሉ ዓመት ያልሰማው ሰበብ የለም። «ነፋስ ወሰደብኝ» ያለው አለ፣ «አሁን ልወርድ ነው» ያለው አለ፤ አንዱማ ዓይኑ እያየ ወረቀት አኝኮ ውጦ «ካላመንክ ፈልገህ አውጣ» ብሎታል። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ለሸበተ ሰው የሰው ዘር ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፦ የተያዘና ገና ያልተያዘ።

ሚስቱንም ያገኛት እዚያው አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ነው። ያኔ ማተሚያ ቤት ጥራዝ ክፍል የምትሠራ፣ ጣቶቿ ላይ የደረቀ ሙጫ የማይጠፋ፣ ቀጠን ያለች ልጅ ነበረች። ትኬቷን ጠየቃት፤ አሳየችው። ሦስት ፌርማታ ካለፉ በኋላ ዞሮ መጥቶ እንደገና ጠየቃት።

«ቅድም አይተኸዋል እኮ» አለችው።

«ደግሜ ማየት መብቴ ነው» አላት።

ሳቀች። በዓመቱ ተጋቡ። አንዲት ሴት ልጅ ወልደው አሳድገው ዳሩ፤ ልጅቱ አሁን ሌላ ከተማ ናት። ያቺን የትኬት ወሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር እያነሳ ያስቃል። ሚስቱም ትስቃለች፤ ሳቋ ከዓመት ዓመት እያጠረ መምጣቱን ግን ልብ ብሎ አያውቅም።

ስኩተሮቹ ሰፈራቸው የገቡት እሱ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ስምንት አረንጓዴ የኤሌክትሪክ ስኩተሮች ተደርድረው አገኘ። ሹፌር የላቸው፣ ጠባቂ የላቸው፣ ትኬት ቆራጭ የላቸው። አንዱ ጎረምሳ መጣ፣ ስልኩን አውጥቶ መሪው ላይ ያለችውን ምልክት ስካን አደረገ፣ ስኩተሩ ጢጥ አለ፤ ልጁ ወጣበትና እብስ። የት እንደሚሄድ የጠየቀው የለም። የት እንደጣለውም የሚጠይቀው የለም።

«ተቆጣጣሪ የሌለው ትራንስፖርት!» አለ ለዳቦ ሻጩ። «እንግዲህ የዚህን መጨረሻ ያሳየን።»

ከዚያ ወዲያ ሥራ አገኘ። መስኮቱ ስር ወንበር አስቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ይመለከት ጀመር። ሁለት ፍቅረኞች በአንድ ስኩተር ተጣብቀው ሲያልፉ ያያል። ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ክራቫቱ ትከሻው ላይ እየተገለበጠ ወደ ቢሮው ሲከንፍ ያያል። አንድ ቧንቧ ሠራተኛ የሁለት ሜትር ቱቦ እንደ ጦር ይዞ ሲሄድ አይቶ ቆሞ ተራግሟል። ከሁሉ ከሁሉ ያንገበገበው ግን መንገድ ላይ አጋድመውት የሚሄዱት ነው። የልጅ ጋሪ የምትገፋ እናት ትወርዳለች ወደ አስፋልቱ፤ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ይደናቀፋል። ይህን ይህን ሲያይ ደሙ ይፈላል።

አንድ ቀን ደግሞ የሕንፃቸው ደረጃ ስር፣ የማይታይ ጨለማ ቦታ ላይ፣ አንድ ስኩተር ተወሽቆ አገኘ። ሁለት ቀን አድብቶ የደበቀውን ሰው እጅ ከፍንጅ ያዘ። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ነርስ ናት።

«ይሄ የሕዝብ ነው ወይስ የግልሽ?» አላት።

«ጋሼ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምገባው። ውጪ ካደረ ሌላ ሰው ይወስድብኛል፣ አውቶቡሱ ደግሞ አይደርስልኝም።»

«ሰበብ ነው» አላት። ነርሷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዋ ቀዘቀዘ።

በዚህ የተነሳ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ። ወረቀቱን ራሱ ነው ያረቀቀው፤ «ስኩተሮቹ ከእግረኛ መንገዳችን ላይ ይነሱልን» ይላል። በየበሩ ዞረ። ፋርማሲ ቤቱ ፈረመ፣ ዳቦ ቤቱ ፈረመ፣ ጫማ ጠጋኙ ፈረመ። ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ከእሱ ፊርማ ቀጥሎ፣ የሚስቱ ፊርማ አለ። ብዕሩን ስትቀበለው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብባ ነው የፈረመችው፤ ጥራዝ ክፍል የሠራ ሰው ሳያነብ አይፈርምም።

ነገሩ የተለወጠው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው።

ሚስቱ ማክሰኞና ዓርብ ታናሽ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች። እህትየዋ ከከተማው ሌላኛው ዳር ነው የምትኖረው፤ ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ ከቤት ብዙ አትወጣም። ከእነሱ በር እስከ እሷ በር በአሥራ አራት ቁጥር፣ መጠበቁም በእግር መሄዱም ተጨምሮ፣ ከሃምሳ ደቂቃ አያንስም። ይህን የሚያውቀው በግምት አይደለም። የአሥራ አራት ቁጥርን ሰዓት ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት ከመነሻ እስከ መድረሻ ፌርማታ በፌርማታ ይጠራዋል።

ያን ቀን ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ወጣች። እሱ ሻይ ቀድቶ ጋዜጣውን ዘረጋ። ገና ሦስተኛውን ገጽ ሳይገልጥ ስልክ ጮኸ። እህትየዋ ናት።

«ጋሼ፣ እታለም መነፅሯን ረስታው ነው መሰል፤ ጠረጴዛው ላይ ካለ እይልኝ ብላሃለች።»

«አለ፤ ይኸው። የት ሆና ነው የደወለችልሽ?»

«ኧረ እዚሁ ናት! አሁን ገባች፣ ውሃ እየጠጣች ነው።»

ስልኩን ዘግቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ሦስት ከሃያ ሁለት። የእጁን ሰዓት አየ። ሦስት ከሃያ ሁለት። ሬዲዮውን ከፍቶ ሰዓት እስኪነግሩ ጠበቀ፤ እነሱም ያው ናቸው። ክው አለ። አሥራ አራት ቁጥር በበዓል ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ አንድም ሰው ሳይሳፈር፣ በሃያ ሁለት ደቂቃ እዚያ ደርሶ አያውቅም።

በአውቶቡስ ካልሄደች በምን ሄደች? በመኪና። በማን መኪና?

ቀትር ላይ ስትመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቃት። ፊቷ ቀላ ብሏል። ዓይኗ ያለቀሰ ሰው ዓይን ይመስላል። ፀጉሯ ከላይ ተጨፍልቆ ከጎን ቆሟል።

«ደህና ዋልሽ?»

«ደህና።»

«አውቶቡሱ እንዴት ነበር?»

ካፖርቷን ልትሰቅል ዞር አለች። «እንደ ሁልጊዜው» አለች፣ ጀርባዋን እንደ ሰጠችው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ውሸት ሲሰማ የኖረ ጆሮ ይህችን አልሳታትም። በሆዱ ይዟት አደረ፤ ስታብላላው፣ ሲያብላላት። ሌሎችም ነገሮች እየመጡ ይገጥሙለት ጀመር። ከጥቂት ወራት ወዲህ ተረከዝ ያለውን ጫማዋን ትታለች። ትንሿን የእጅ ቦርሳ ትታ ሁለት ኪሎ ድንች የሚይዝ የጀርባ ቦርሳ ገዝታለች። ቅልጥሟ በልዞ አይቶ ሲጠይቃት «ወንበሩ መታኝ» ብላው ነበር። የትኛው ወንበር? ወንበሮቹን አንድ በአንድ ለካቸው፤ አንዱም በዚያ ከፍታ አይመታም።

ረቡዕ ጠዋት እሷ ገበያ ስትወጣ ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ለጡረተኛ ቤተሰብ የሚሰጥ የአውቶቡስ ነጻ መታወቂያ አላት፤ ፎቶዋ ያለበት። ከመሀረቦቹ ስር አገኘው። ማክሰኞም እዚያው ነበር ማለት ነው። ያለ መታወቂያ በአውቶቡስ አትሄድም። መልሶ እንደነበረ አስቀመጠውና ቁም ሳጥኑን ዘጋ።

መኪና ያለው ማን ነው? ጢሞ ትዝ አለው። ጢሞ የድሮ ባልደረባው ነው፤ አሥራ አራት ቁጥርን ሃያ ዓመት የነዳ፣ ጢሙን እንደ ሙሽራ የሚያበጥር፣ ጡረታ ሲወጣ ነጭ መኪና የገዛ። በወጣትነቱ ይህችን የጥራዝ ክፍል ልጅ ከፊት ወንበር እያስቀመጠ በመስታወት ያያት ነበር ይባላል። ተቆጣጣሪው ያን ወሬ ከረሳው ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ አሁን ትናንት እንደተነገረው ሆኖ ተነሳበት።

ሐሙስ ጢሞ ቤት ሄደ። ወሬ ለመጠየቅ የመጣ መስሎ ግቢውን በዓይኑ አሰሰ። ነጩ መኪና አራት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ጎማ የለውም። ከስሩ ሣር በቅሏል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» አለ ተቆጣጣሪው፣ ድምፁ ውስጥ እፎይታ እንዳይሰማበት እየተጠነቀቀ።

«አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። ሞተሩ ሞተ፣ ጎማውን ለወንድሜ ሰጠሁት። ምነው፣ ልትገዛው ነው?»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

ጢሞ ጢሙን ዳበስ አደረገ። «እኔስ ልጠይቅህ ነበር። ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹ ከሦስት ወር ወዲህ መስመሩ ላይ አላየናትም ብለውኛል። ታማብህ እንዳይሆን ብዬ መጠየቅ ፈራሁ።»

ልጆቹ የሚላቸው አሁን አሥራ አራት ቁጥርን የሚነዱትን ነው። ሦስት ወር! ተቆጣጣሪው የቀረበለትን ውሃ ሳይጠጣ ተነሳ። ቤቱ እንዴት እንደደረሰ አያውቀውም።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ጉዳይ ሲል «ፋርማሲ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ቀድሟት ወጣ። ፋርማሲው ውስጥ ገብቶ የሳል መድኃኒት የሚያማርጥ መስሎ በመስታወቱ ወደ ውጭ ያያል። ባለ ፋርማሲው ሁለት ጊዜ «ጋሼ፣ የደረቅ ነው የእርጥብ?» ቢለው አልሰማውም። ሚስቱ ከሕንፃው ወጣች። የአውቶቡሱን ፌርማታ አየችና አለፈችው። በዳቦ ቤቱ ታጠፈች።

ተከተላት፤ ጥጉ ላይ ደርሶ አንገቱን ብቻ አሰገገ። መኪና የለም። ሰውም የለም። አረንጓዴዎቹ ስኩተሮች ብቻ ናቸው ያሉት፤ ሁለቱ ወድቀው መንገዱን ዘግተዋል። ሚስቱ ቦርሳዋን አስቀምጣ አንደኛውን በመሪው ይዛ አነሳች፣ ግድግዳው ጥግ አስጠጋች። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ ሦስተኛውን ጎማውን በእግሯ ጫን አድርጋ ሞከረች፣ ፍሬኑን ጨበጥ ለቀቅ አደረገች፤ ገበያ ላይ ሐብሐብ እንደምታማርጠው። አልወደደችውም። አራተኛው ላይ ረጋች። ከቦርሳዋ ነጭ ሄልሜት አወጣች፣ አገጯ ስር ቀጭ አደረገች፣ ስልኳን ዘረጋች። ጢጥ። ስልሳ አንድ ዓመት የሞላት ሴት በግራ እግሯ አስፋልቱን ሁለት ጊዜ ገፍታ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ በድሮው የባቡር ሐዲድ ዳር በሚወስደው ጠባብ መንገድ ከዓይኑ ተሰወረች።

ተቆጣጣሪው ዳቦ ቤቱን ተደግፎ ቀረ። መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነው፤ ሊስቅም ምንም አልቀረው። ሰው የለም! ቀላ ያለው ፊት ነፋስ ነው፣ የተጨፈለቀው ፀጉር ሄልሜት ነው፣ ወንበሩም ስኩተር ነው። ግን ሳቁ ከአፉ ሳይወጣ ሌላው ጥርጣሬ መጣ፤ ይኸኛው ከፊተኛው የከፋ ነው። ጥፋት ካልሆነ ለምን ተደበቀች? ሦስት ወር ሙሉ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ዓይኑን እያየች «አውቶቡስ» ስትለው፣ ምን ሊሆንባት ብላ ነው?

አሥራ አራት ቁጥር መጣ። ተሳፈረ።

ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ሲያየው ፊቱ በራ። «ጋሼ! ኧረ ይምጡ፣ እዚህ ከፊት ይቀመጡ። እትዬ ጠፉብን እኮ፣ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት።»

«እሳቸው ከሌሉ ለእርስዎ የምነግረው ነገርም አጣሁ» ብሎ ሳቀ። «አምና ወንዝ ዳር ፌርማታ ወርደው ብቻቸውን ሲቆሙ አይቼ የደወልኩልዎት ትዝ ይልዎታል? ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ነው ያስለመደኝ። እትዬ ከወጡ ለጋሼ ንገር፣ ደስ ይላቸዋል ብሎኝ።»

ተቆጣጣሪው ትዝ አለው። ያን ቀን ምሳ ላይ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ «ወንዝ ዳር ምን አገባሽ?» ብሏት ነበር። እንዴት አወቅክ አላለችውም። ማንኪያዋን አስቀመጠችና መልሳ አንስታ መብላት ጀመረች። እሱ እንደ ድል ቆጥሮት ነበር። እንዲህ ያሉ ምሳዎች ስንት ናቸው? ዛሬ ሁለት አውቶቡስ አሳልፈሽ ነው የተሳፈርሽው። ዛሬ ከአንድ ሰው ጋር ስታወሪ ነበር። ዛሬ ከመድረሻው አንድ ፌርማታ ቀድመሽ ወረድሽ። ባሏ ሥራውን የሚወድ ሰው ስለሆነ፣ የሚያወራው ስለ መስመሩ ስለሆነ፣ ደግሞም ስለሚያስብላት ነው። እሱ እንደዚያ ነበር የሚያስበው። አደባባዩ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ አውቶቡሱ ቆመ። አውቶቡስ እንዲዘገይ ተመኝቶ አያውቅም፤ አሁን ግን ባይደርስ በወደደ።

በሩን የከፈተችለት እህትየዋ ናት፣ ጉልበቷን እየያዘች።

«ውይ ጋሼ! ምን እግር ጣለህ?»

ሚስቱ መስኮቱ ስር ተቀምጣ የመጋረጃ ጫፍ ትዘመዝማለች። ነጩ ሄልሜት ጠረጴዛው ላይ፣ ከክርና ከመቀሱ ጎን ተቀምጧል። እሱ ሄልሜቱን አየ። እሷ እሱን አየችው።

«ተከተልከኝ?» አለች።

«በአውቶቡስ ነው የመጣሁት» አለ። መልስ እንዳልሆነ ራሱም ያውቀዋል።

«ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?»

«ሃምሳ ስምንት። አደባባዩ ላይ ተዘግቶ ነበር።»

እህትየዋ ሳቋ አመለጣትና ወደ ጓዳ ገባች። ሚስቱ አልሳቀችም። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

«ለምን ደበቅሽኝ?» አላት። «ሰው መስሎኝ ነበር! ምን ምን እንዳሰብኩ ብታውቂ… ጢሞ ቤት ድረስ ሄጃለሁ።»

«ጢሞ!» አለች። «ያ ጢሙን የሚያበጥረው?» ትንሽ ልትስቅ ቃጣትና ተወችው። «ስማኝ። እኔ የት እንደተሳፈርኩ፣ የት እንደወረድኩ፣ ማን አጠገብ እንደተቀመጥኩ፣ ቤት ሳልደርስ ይነገርሃል። በሩን ከፍቼ ስገባ አንተ ሁሉን ጨርሰህ ትጠብቀኛለህ። የምነግርህ ወሬ እንኳ አይተርፈኝም።»

«ለክፉ አልነበረም እኮ። ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚነግሩኝ።»

«ለክፉ ነው አላልኩም። ያን ቀን ወንዝ ዳር ምን አገባሽ ስትለኝ ትዝ ይልሃል? ምንም አላደረግኩም። ወርጄ ውሃውን አየሁ። ደስ አለኝ፣ ተመለስኩ። ለእሱም መልስ ልሰጥ ነው?»

እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ አወጣው፣ ጆሮውን አከከ። ራሱን እንደዚያ ሆኖ ሲያገኘው አፈረና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ማን አስተማረሽ?» አለ በመጨረሻ፣ ዝግ ብሎ።

«የሁለተኛ ፎቋ ነርስ። እሁድ እሁድ አንተ የጡረተኞች ስብሰባ ስትሄድ፣ የቤት ዕቃ መደብሩ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። አፑንም እሷ ናት የጫነችልኝ።» ደግማ መርፌዋን አነሳች። «አንተ የገላመጥካት ልጅ ናት ሄልሜቷን የሰጠችኝ።»

ይህችኛዋ ጠለቅ ብላ ወጋችው። ግን ተቆጣጣሪ ተቆጣጣሪ ነውና አንድ ነገር ቀርቶበታል። «ፊርማውስ? ሁለተኛው መስመር ላይ የፈረምሽው አንቺ አይደለሽም?»

«የጻፍከውን አንተ አላነበብከውም? ከእግረኛ መንገድ ላይ ይነሱልን ነው የሚለው። እኔ በየጠዋቱ አነሳቸዋለሁ። ያልፈረምኩትን ነገር አላደረግኩም።»

ከጓዳው በኩል የእህትየዋ ሳቅ እንደገና ተሰማ። በዚህ ጊዜ ሚስቱም ሳቀች፤ እሱ ግን ገና አልቻለም ነበር።

ሲመለሱ ለየብቻ ነው የተመለሱት፤ እሷ በስኩተር፣ እሱ በአውቶቡስ። ሹፌሩ ወሬ ሲጀምርለት ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ መሰለ። ቤት ሲደርስ ምሳው ሞቆ ቀርቧል። አብረው በሉ። ዕቃውን ያጠበው እሱ ነው።

ከዚያ የሆነው እንዲህ ነው። ተቆጣጣሪው የአቤቱታውን ወረቀት ለማዘጋጃ ቤት ሳያስገባ አንድ ሳምንት አቆየውና አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረበት፦ ስኩተሮቹ የሚቆሙበት ቦታ በቀለም ይከለልላቸው የሚል። የፈረሙትን ሁሉ ዞሮ እንደገና ሊያስፈርም ሲወጣ ደግሞ ጉድ መጣ። ባለ ፋርማሲው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ገለበጠው።

«ጋሼ፣ ባለፈው ይጥፉልን ሲሉ አልነበር? አሁን ቦታ ይሰጣቸው ሆነ። ኩባንያው ስንት ሰጠዎት?»

«ማን? እኔን?»

«እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው» አለ ባለ ፋርማሲው፣ እጁን እያየ። እጁን! ተቆጣጣሪው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ትኬት ይዞ ሳለ ትኬት እንደሌለው ሰው ታየ። ምንም ቢል ሰበብ ይመስልበታል። ባለ ፋርማሲው አልፈረመም፤ ጫማ ጠጋኙም «አስቤበት» አለ። ሁለተኛ ፎቅ ሲወጣ በሩ ፊት ለፊት ብዙ ቆመ። ሲያንኳኳ ነርሷ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ወጣች።

«ስለ ደረጃው ስሩ ስኩተር ነው የመጡት ጋሼ? እዚያ ማስቀመጥ ካቆምኩ ሦስት ወር ሆኖኛል።»

«አይደለም። በፊት የተናገርኩሽን ነገር…» ብሎ ቀረ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ አፉ አልለመደም። «ፍሬኑን ጥሩ አድርገሽ ነው ያስተማርሻት። አይቻታለሁ።»

ነርሷ ትክ ብላ አየችውና ብዕር ይዛ መጣች።

አቤቱታው ማዘጋጃ ቤት በገባ በአራተኛው ወር ሁለት ሠራተኞች ነጭ ቀለምና ገመድ ይዘው መጥተው ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ አራት ማዕዘን አሰመሩ። ግማሹ ሰው በመስመሩ ውስጥ ያቆማል፤ ግማሹ ዛሬም እንደፈለገ ይጥላል። ባለ ፋርማሲው እስካሁን ከአንገት በላይ ነው ሰላም የሚለው። አንድ ቀን ያ ወጣት ሹፌር ደወለ፤ «ጋሼ፣ አያምኑኝም! እትዬን በሐዲዱ ዳር በስኩተር ሲበሩ አየኋቸው!» ተቆጣጣሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሄልሜት አድርጋለች?» አለው። «አዎ።» «እንግዲያው ደህና ነው። ከእንግዲህ አትደውልልኝ፤ መሪህን ያዝ።»

ይሁንና አንድ ጊዜ የገባ ጥርጣሬ እንደ ተከራይ ውጣ ሲሉት አይወጣም። ዛሬም ማክሰኞና ዓርብ እሷ ስትወጣ ዓይኑ ወደ ግድግዳው ሰዓት ይሄዳል። በሃያ ሁለት ደቂቃ መድረስ እንዳለባት ያውቃል፤ ስልኩን አያነሳም። ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። አንዳንዴ ጋዜጣውን ሁለት ጊዜ ያነበዋል፣ አንዱም አይገባውም።

ባለፈው የዝናብ ወቅት አንድ ዓርብ ቀትር አለፈ፤ አልመጣችም። ሰባት ሰዓት ሆነ። ዝናቡ መስኮቱን እየደበደበ ነው። ባትሪ አልቆባት ይሆን? ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራታ ይሆን? ወይስ… ስልኩን አንስቶ የእህትየዋን ቁጥር ግማሽ ድረስ ነካ። አስቀመጠው። መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ እንደገና ቆመ። ሰባት ከሃያ ሲል ቁልፍ በሩ ላይ ተንኮሻኮሸ።

ከእግር እስከ ራሷ በስብሳለች፤ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ነው፣ ፊቷ ግን ደስ ያለው ሰው ፊት ነው። ከእህቷ ቤት እስከዚህ በአሥራ አራት ቁጥር ብትመጣ እንኳ ይህን ያህል አይፈጅም፤ አንድ ሙሉ ሰዓት ከመካከል ጎድሏል። ጥያቄው ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። የት፣ ከማን ጋር፣ ለምን። ምላሱን ነከሰ።

ፎጣ አምጥቶ ሰጣት።

«ሾርባው ይሙቅልሽ?» አላት።

ፎጣውን ፊቷ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። የሚቀጥለውን ጥያቄ ትጠብቅ ነበር። አልመጣም።

«ይሙቅልኝ» አለች።

እሱም ምድጃውን ለኮሰ። ያቺ ሰዓት የት እንደገባች እሷ አልነገረችውም፣ እሱም እስከ ዛሬ አልጠየቀም።